ከምሳ በኋላ ያለው ስኳርና የጅንሰንግ ነገር

(ይህ በኅዳር ወር፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ዕለት ጎንደር ማራኪ በእድራችን አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከቀረጻው የገለበጠልኝ የእህቴ ልጅ ነው። አንዳንድ ድግግሞሽ ከማውጣት በቀር እንዳለ ትቼዋለሁ።)

የተከበራችሁ የእድራችን ሰብሳቢ፣ መምሬ፣ ሐጂ፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። ያበሰላችሁልን እናቶች እጃችሁ ይባረክ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የመጀመሪያውን ጉርሻ የጎረስነው ስንት ሰዓት ነበር? አዎ፣ 6 ሰዓት። መምሬ ባርከው እንደጨረሱ ሰዓቴን አይቻለሁ። አሁን 7 ሰዓት ከሩብ ነው። እዚያ ጥግ ያለውን ጠረጴዛ አያችሁት? የስኳር መለኪያ ማሽን አለበት። 50 ስትሪፕ፣ የደሙ ጠብታ የሚነካበት መለኪያ፣ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መውጊያ አለ። ልክ 8 ሰዓት ሲሆን የትም ልድረስ የት ንግግሬን አቆማለሁ። ለምን 8 ሰዓት? ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት ስለሚሞላው ነው። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ስለዚች ሁለት ሰዓት ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ፒያሳ ባለች ትንሽ ፋርማሲ ውስጥ መሥራት ከጀመርሁ 14 ዓመቴ ነው። ከክረምት ወዲህ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣ ሰው በዝቶብኛል። ጠርሙሱ ላይ እጅና እግር ያለው የሚመስል ሥር ተሥሏል። ለአንዱ ልጁ ከካናዳ የላከለት ነው። ለአንዷ እህቷ ከዱባይ ያመጣችላት ነው። ሌላው አዲስ አበባ ገዝቶት ነው። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው። «ልጄ፣ ይኼ ጅንሰንግ የሚሉት ለስኳር ፍቱን ነው አሉኝ። ኪኒኑን ትቼ ይኼን ልያዝ?»

መልሱን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ኪኒኑን አትተዉ። ኢንሱሊኑን አትተዉ። ደግሜ እላለሁ፣ አትተዉ። የቀረውን ብትረሱ እንኳን ይህቺን ያዙልኝ።

ሥሩ ግን ባዶ ነገር አይደለም። ዕፅ ስለሆነ ብቻ አልንቀውም። አብዛኞቻችሁ የምትውጡት ሜትፎርሚን እኮ መነሻው ዕፅ ነው። አውሮፓ ውስጥ ጋሌጋ የሚባል ተክል አለ። በውስጡ ያለው ነገር ስኳር እንደሚያወርድ ታየ፤ ተጠና፤ ተሻሻለ፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ለስኳር ሕሙማን መድኃኒት ሆኖ ተዘገበ። ስለዚህ «ቅጠል ምን ያደርጋል» አልልም። እኔ የምጠይቀው የትኛው ሥር? ስንት ግራም? መቼ የተወሰደ? በማን ላይ የተሞከረ? ብዬ ነው። እናንተም እንደዚህ እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛው፣ ከምግብ በኋላ ሰውነታችን ውስጥ ምን ይሆናል። ሁለተኛው፣ ጅንሰንግ እዚያ ላይ ምን ያደርጋል፣ ምንስ አያደርግም። ሦስተኛው፣ እኛ ጎንደር ተቀምጠን በእጃችን ምን አለ።

አንደኛውን ልጀምር።

«ስኳርዎ ስንት ነው?» ስል «110» ይሉኛል። መቼ የተለካ? «ጠዋት፣ በባዶ ሆድ።» ከምሳ በኋላስ? ዝም። ሁሉም ዝም ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ሳንበላ አድረን ጠዋት ብቻ እንለካና «ደህና ነኝ» ብለን እንሄዳለን። ከቁርስ እስከ እራት ያለው ቀን ሙሉ ግን ሳይታይ ያልፋል።

ለጎንደር ሰው በጎንደር ነገር ላስረዳ። ጥምቀትን አስቡት። ሕዝቡ ከፋሲል መዋኛ ግቢ ሲወጣ መንገዱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሆዳችሁን እንደዚያ ግቢ ቁጠሩት። እንጀራው፣ ዳቦው፣ ድንቹ እዚያ ይፈጭና ስኳር ሆኖ ይወጣል። መንገዱ ደማችሁ ነው። መንገዱ ዳር ያሉት ቤቶች ደግሞ ጡንቻችሁና ጉበታችሁ ናቸው። እንግዳው ቤት ለቤት ከገባ መንገዱ ይቀላል። በሩን የሚከፍተው ማነው? ኢንሱሊን ነው። ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን።

ጤነኛ ሰው ላይ ሕዝቡ ገና መውጣት ሲጀምር በሮቹ ይከፈታሉ። ስኳሩ ወጣ ይልና በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ግን ያ የመጀመሪያው ፈጣን ኢንሱሊን ይጠፋል። በር ከፋቹ ይዘገያል። ቢመጣም በሮቹ ዝገዋል፤ ቶሎ እሺ አይሉም። ሕዝቡ መንገድ ላይ ይከማቻል። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት እዚያው ይቆማል። ያ ክምችት በየቀኑ፣ በየገበታው ሲደጋገም የዓይንን፣ የኩላሊትንና የእግርን ትንንሽ ሥሮች ይጎዳል።

ቁጥሩን ያዙልኝ። ስኳር ላለበት አዋቂ ሰው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130 ቢሆን ጥሩ ነው። ምግብ ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ከ180 በታች። በዕድሜ ለገፋ ወይም ሌላ ሕመም ላለበት ሐኪሙ ቁጥሩን ሊያላላ ይችላል፤ የራሳችሁን ሐኪማችሁን ጠይቁ። 180ን ግን አትርሷት።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሥሩ።

ጅንሰንግ ስሙ ቻይንኛ ነው። በስሙ ውስጥ «ሰው» የሚል ቃል አለ፤ ሥሩ ሰው ስለሚመስል። ቻይናና ኮሪያ ላይ ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነው። እኛ ቤትም ስሙ አዲስ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲዘምት ከቤተሰባችን አንድ ሰው አብሮ ነበር። የአያቴ ወንድም ናቸው። ስለ ብርዱና ስለ ተራራው ሲያወሩ «እንደ ሕፃን እጅና እግር ያለው ሥር ቀቅለው ይጠጣሉ» ይሉ ነበር። እኛ ልጆቹ አናምናቸውም ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና እውነታቸውን ነበር።

ሁለት ዋና ዋና ዘር አለው፤ ይህ ነጥብ ወሳኝ ነው። አንዱ የእስያው ነው፣ ሰዎች የኮሪያ ጅንሰንግ የሚሉት። ሌላው የአሜሪካው ነው። የአሜሪካው እንዴት እንደታወቀ ልንገራችሁና እንመለስ። ቻይና የነበረ አንድ የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ ስለ ሥሩ በዝርዝር ጻፈ። ላፊቶ የሚባል ሌላ ሚስዮናዊ ደግሞ ካናዳ ተቀምጦ ያን ጽሑፍ አነበበ። የዚያ አገር ደን ከቻይናው ጋር ይመሳሰላልና ፈለገ። በሞሐውክ ሕዝብ መካከል፣ ሞንትሪያል አጠገብ አገኘው። ጊዜው 1716 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ ጎንደር ላይ አፄ ዳዊት ሣልሳዊ የነገሡበት ዓመት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሥሩ በመርከብ ወደ ቻይና ይጫን ጀመር። በ1784 ከኒውዮርክ ወደ ቻይና የሄደችው የመጀመሪያዋ የአሜሪካ የንግድ መርከብም ዋና ጭነቷ ይኸው ሥር ነበር።

እሺ፣ ስኳሩስ? በ2000 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ። ቶሮንቶን አስታውሷት፤ በ1921 ኢንሱሊን የተገኘባት ከተማ ናት። ተመራማሪዎቹ 10 ስኳር የሌለባቸውና 9 ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ሰዎች ወሰዱ። 25 ግራም ስኳር አጠጧቸው፤ ይህ ወደ 6 የሻይ ማንኪያ ነው። አንድ ቀን 3 ግራም የአሜሪካ ጅንሰንግ በካፕሱል፣ ሌላ ቀን ምንም የሌለበት ተመሳሳይ ካፕሱል ሰጧቸው። አንዳንዴ ከስኳሩ 40 ደቂቃ አስቀድመው፣ አንዳንዴ ከስኳሩ ጋር። ከዚያ ደማቸውን ደጋግመው ለኩ።

ምን ተገኘ? ስኳር ያለባቸው ላይ አስቀድመው ቢወስዱትም አብረው ቢወስዱትም ከጠጡ በኋላ ያለው የስኳር ከፍታ በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ስኳር የሌለባቸው ላይ ግን የቀነሰው 40 ደቂቃ ሲያስቀድሙ ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ጤነኛ ሰው ከመጠጡ ጋር ከወሰደው ምንም ለውጥ አልታየም። የሚሠራበት መንገድ እስካሁን አልተቋጨም። ከሆድ የሚወጣውን ስኳር ያዘገያል የሚሉ አሉ። በር ከፋቹን ያፈጥናል የሚሉ አሉ።

20 በመቶ ጥሩ አይደለም ወይ? ጥሩ ነው! ሳነበው ደስ ብሎኛል። ግን አትቸኩሉ። የተሞከሩት በድምሩ 19 ሰዎች ናቸው። የጠጡት የተበጠበጠ ስኳር ነው እንጂ እንጀራ በሽሮ አይደለም። የታየውም የአንድ ቀን ነገር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በ2003 እነዚያው ሰዎች ያንኑ የአሜሪካ ጅንሰንግ፣ ግን የሌላ ጊዜ ምርት የሆነውን ሞከሩት። ምንም አላደረገም። ለምን? በሥሩ ውስጥ ጅንሰኖሳይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ በሁለተኛው ምርት ውስጥ መጠናቸው አነስ ያለ ነበር። ዘሩ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ውጤቱ ሌላ። የእስያውን ደግሞ ሲሞክሩት ስኳሩን አልቀነሰውም፤ እንዲያውም በአንዳንዱ ልኬት ከፍ አደረገው። ሰማችሁ? ከፍ አደረገው!

እናቶቼ፣ በርበሬን አስቡ። የአንዱ አገር በርበሬ ያቃጥላል፤ የሌላው ቀለም ብቻ ነው። ሳትቀምሱ ከየትኛው ስንት ማንኪያ እንደምትጨምሩ ታውቃላችሁ? ጅንሰንግም እንደዚያ ነው። በርበሬውን ግን በምላስ ታውቁታላችሁ። ካፕሱሉን በምን ታውቁታላችሁ?

ረዘም ላለ ጊዜ ሲወሰድስ? ለዚህ የተዘጋጀ የኮሪያ ቀይ ጅንሰንግ 19 የስኳር ሕሙማን ላይ ለ12 ሳምንት ተሞክሯል፤ መድኃኒታቸውን ሳይተዉ፣ በቀን 6 ግራም። ስኳር ጠጥተው ሲለኩ በ10 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የሦስት ወሩ አማካይ ስኳር ግን፣ ያ በላቦራቶሪ የምትታዩት፣ አልተለወጠም። በ2014 ደግሞ 16 ጥናቶች አንድ ላይ ተደምረው ታዩ። የጠዋቱ ስኳር በአማካይ ከ5 እስከ 6 ነጥብ ወርዷል። 160 የነበረው 154 ሆነ ማለት ነው። የሦስት ወሩ ላይ እዚህም ለውጥ አልታየም።

ስለዚህ ጅንሰንግ ምንድነው? ትንሽ ነገር የሚያደርግ ሥር ነው። በትክክለኛው ዘር፣ በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው ሰዓት። ከመድኃኒት ጋር እንደሚፎካከር ግን ማንም ጥናት አላሳየም።

እዚህ ላይ አባቴን አነሣለሁ። ፈቅደውልኛል፤ እዚያ ፊት ተቀምጠዋል። አባባ ሹፌር ነበሩ፤ የመተማን መንገድ ሲመላለሱበት ኖረዋል። ስኳር ከያዛቸው 11 ዓመት ሆኗቸዋል። ከጥቂት ዓመት በፊት የጓደኛቸው ልጅ ከውጭ አገር ጠርሙስ ላከ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተካፈሉት። አባባ ለእኔ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የመድኃኒት ባለሙያ ሆኜ የሰውን ሁሉ ኪኒን ስጠይቅ ስውል የገዛ አባቴን ኪስ አላየሁም።

ጠዋት ስኳር የሚያወርደውን ኪኒናቸውን፣ ግሊቤንክላሚዱን፣ ዋጡ። ጅንሰንጉንም ወሰዱ። ቁርስ ቀመስ አድርገው አዘዞ ለቀብር ሄዱ። ቀብሩ ዘገየ፤ ምሳ ሳይበላ 9 ሰዓት ሆነ። ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ላብ በላብ ሆኑ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። የማይገባ ነገር ማውራት ጀመሩ። ሰው ደነገጠ። ግማሹ «ለክፏቸው ነው፣ ጠበል አምጡ» አለ። አንድ የሰፈር ልጅ ግን፣ እናቱ ስኳር አለባት፣ ወዲያው ገባው። ሮጦ ለስላሳ አመጣ። ገና መዋጥ ሲችሉ ቀስ እያለ አጠጣቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ እንኳን ገና 58 ነበር።

ጅንሰንጉ ነው ያደረገው ልበል? ሥሩን ብቻ መክሰስ አልችልም። ግሊቤንክላሚድ ተውጦ ምሳ ሲዘገይ ብቻውን እንደዚህ ያደርጋል። ግን ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ላይ ሌላ ስኳር የሚያወርድ ነገር መደረብ አደጋውን ይጨምራል። ኢንሱሊን የምትወጉም እንደዚሁ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ካያችሁ ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል። ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ሰው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ስጡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትጨምሩበት፤ ወደ ሐኪም አፍጥኑት። ይህን ለልጆቻችሁም አስተምሩ። አባቴን ያተረፈው የተማረ ልጅ ነው።

ሌላ ልጨምር። እዚህ መካከል የልብ በር ሕመም ኖሮባችሁ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የምትወስዱ አላችሁ። የአሜሪካ ጅንሰንግ የዋርፋሪንን ኃይል እንደሚቀንስ በ2004 በታተመ ጥናት ታይቷል። ደም ሊረጋ ይችላል ማለት ነው። ለእናንተ መልሴ አጭር ነው፦ አትንኩት። እርጉዞችና የምታጠቡ እናቶችም እንደዚሁ።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያዬ ስለ ጅንሰንግ ሻይ ነው። ባለፈው አንዲት እናት «ለስኳሬ እየጠጣሁት ነው፣ ግን እየጨመረብኝ ነው» ብለው ካርቶኑን አመጡልኝ። በቀን ሦስት ጊዜ ይጠጡታል። የገዙበትን ሱቅ ስም አልጠራም። ሻጩ «የስኳር መድኃኒት ነው» ብሏቸዋል። ካርቶኑን ገልብጬ ጀርባውን አነበብሁት። ከሁሉ በፊት የተጻፈው ግሉኮስ ነው! ጅንሰንጉ መጨረሻ ላይ ትንሽ ነበር። እኚህ እናት ስኳራቸውን ለማውረድ በቀን ሦስት ጊዜ ስኳር ሲጠጡ ከርመዋል። ተናደድሁ፤ አሁንም ስናገረው እናደዳለሁ። በውኃ የሚበጠበጡ የጅንሰንግ ሻዮች ብዙዎቹ ስኳር አለባቸው። በማር የተነከረውም አለ። ደግሞ «የሳይቤሪያ ጅንሰንግ» ተብሎ የሚሸጥ አለ፤ እሱ ጭራሽ ሌላ ተክል ነው። ማንበብ ካልቻላችሁ ወደ እኔ አምጡት፤ በነፃ አነብላችኋለሁ።

አንድ ቃል ደግሞ ከገጠር ዘመድ ላላችሁ። ከጎንደር ዙሪያ የሚመጡ፣ ቀጫጭን፣ ገና ወጣት የሆኑ የስኳር ሕሙማን አሉ። ኢንሱሊን የግድ ያስፈልጋቸዋል። ስለ እነርሱ ከዚሁ ከጎንደር በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ታትሟል። ለእነዚህ ልጆች ኢንሱሊን እንደ ውኃ ነው። በጠርሙስ ሥር ተታሎ ኢንሱሊኑን የተወ ልጅ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አደራ! አደራችሁን!

ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሦስተኛው ነጥብ፤ በእጃችን ምን አለ?

ቅድም ጅንሰንግ 20 በመቶ ቀነሰ አልኋችሁ። አሁን ይህን ስሙ። በ2015 ኒውዮርክ ላይ 11 የስኳር ሕሙማን ያንኑ ምግብ፣ ያንኑ መጠን፣ በሁለት ቀን በሉ። አንድ ቀን ዳቦውን አስቀድመው አትክልቱንና ሥጋውን አስከተሉ። ሌላ ቀን አትክልቱንና ሥጋውን አስቀድመው ዳቦውን ኋላ በሉ። አትክልቱ ሲቀድም ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለው ስኳር በ37 በመቶ ገደማ ዝቅ አለ። ምንም ሳይገዙ! ተራውን ብቻ በመቀየር! ይህም ትንሽ ጥናት ነው፤ ግን ቤታችሁ ውስጥ ነገ መሞከር ትችላላችሁ።

«እኛ እንጀራና ወጥ አንድ ላይ ነው የምንበላው፣ እንዴት ይሆናል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ገበታ ቀርቦ ጎመን ብቻ በማንኪያ መልቀም ነውር ይመስላል። እኛ ቤት እንዲህ አደረግን። ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት ለአባባ አንድ ሳሕን ጎመን ወይም ሰላጣ፣ ከጎኑ ምስር ወይም እንቁላል እንሰጣቸዋለን። እሱን ይበላሉ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ከሁላችን ጋር ይቀርባሉ። ያኔ ስለጠገቡ እንጀራውም ያንሳል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ አብሹ እንደ ግቢው ጠባብ በር ናቸው። ሕዝቡን ትንሽ በትንሽ ያወጡታል። አብሽ ውስጥ ያለው የሚያሟልጨው ነገር ስኳሩን የሚያዘገይ አሠር ነው። እናቶቻችን ስሙን ባያውቁትም ከጥንት ጀምሮ ይዘውታል። ግን አብሽም ቢሆን ከኪኒን ጋር ሲበዛ ስኳር ያወርዳልና ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ሁለተኛው መራመድ ነው። በ2016 ኒውዚላንድ ላይ 41 የስኳር ሕሙማን ተጠኑ። በቀን አንድ ጊዜ 30 ደቂቃ ከመራመድ ይልቅ ከየምግቡ በኋላ 10 ደቂቃ መራመድ የበለጠ ረዳ። ከምግብ በኋላ ያለው ስኳር በ12 በመቶ ቀነሰ፤ ከእራት በኋላ ያለው ደግሞ በ22 በመቶ። የሚራመድ ጡንቻ ስኳሩን ለማስገባት ኢንሱሊንን ብዙ አይጠብቅም። የጎንደር ዳገት ደግሞ አለላችሁ! እራት በልቶ ወዲያው መተኛትን ግን ተዉት። ጎረቤት ጠርታችሁ እስከ አስፋልቱ ደርሳችሁ ተመለሱ።

አሁን ጾሙ እየመጣ ነው። መምሬ፣ ከተሳሳትሁ ያርሙኝ። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ አንድ ትልቅ እንጀራ በአንድ ጊዜ መብላት ለስኳር ሰው ከባድ ነው። ቀኑን ሙሉ ይወርዳል፤ ማታ ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ኪኒንና ኢንሱሊን ያለበት ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያናግር። የንስሐ አባቱን ያናግር። ሐጂ፣ ለረመዳንም ይኸው ነው። ለሕመምተኛ ሁለቱም ሃይማኖት መላ አለው፤ መምሬም ሐጂም ቅድም ምሳ ላይ ይህንኑ ነግረውኛል።

ጅንሰንጉን ገዝታችሁ ቤት ያስቀመጣችሁስ? አትደብቁት። ጠርሙሱን ለክትትል ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። ሐኪሙ ቢቆጣም ይቆጣ። ምን ኪኒን እንደምትወስዱ አይቶ መውሰድ ትችሉ እንደሆነ ይንገራችሁ። ውሰዱ ካለም በግምት አትውሰዱ። አንድ ሳምንት ሳትወስዱ፣ አንድ ሳምንት እየወሰዳችሁ፣ ያንኑ ምግብ በልታችሁ በሁለት ሰዓቱ ለኩ። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። ቁጥሩ ካልተለወጠ ለዚያ የምታወጡትን ብር ስትሪፕ ግዙበት። የልጃችሁን ልብ አውቃለሁ፤ ከስደት ያለውን አጠራቅሞ ነው የላከው። «ልጄ፣ በሚቀጥለው ስትሪፕ ላክልኝ» በሉት። እሱም የሚጠቅማችሁን ቢያውቅ ደስ ይለዋል።

አባባ ያን ጊዜ ከሆስፒታል እንደወጡ ከምሳ በኋላ መለካት ጀመርን። ጠዋት 118 የሚሉት ሰው ከምሳ በኋላ 241 ሆኑ። ደነገጥን። ዓመታት ሙሉ አላየነውም ነበር። ኪኒናቸው ተቀየረ። ጎመኑ ቀደመ። ከምሳ በኋላ የልጅ ልጃቸውን ይዘው እስከ ወፍጮ ቤቱ ይራመዳሉ። አሁን ብዙውን ቀን ከ180 በታች ናቸው። ሁልጊዜ አይደለም። የሰርግ ቀን አይሆንም፤ የፋሲካ ቀን አይሆንም። ደብተሩ ላይ ግን ሁሉም ተጽፏል፤ ክፉውም ደጉም።

እነሆ፣ 8 ሰዓት ሊሆን 5 ደቂቃ ቀርቶታል። ጥያቄያችሁን እዚያው ጠረጴዛው ጋ እየለካን እመልሳለሁ። አሁን ሁላችንም እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ በደንብም እናድርቅ። ጣት ላይ የቀረ የለስላሳ ጠብታ ቁጥሩን ያሳስተዋል። ማስታጠቢያው በሩ አጠገብ ነው። ስኳር ያለባችሁ ቅድሚያ ያዙ፤ ተለክታችሁ የማታውቁ ከኋላ ተሰለፉ።

አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ።